የመርሳው ፊልትሮ ሠሪ

ጋሽ ካሳ ይማም ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ድሮ መርሳ አብራኝ ትሠራ የነበረች ነርስ ናት። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ ልጄ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ? ዘመድ ነው?» አለችኝ።

«ዘመድስ አይደሉም።»

«ታዲያ ምንሽ ናቸው?»

«ፊልትሮ ሠሪ ነበሩ» አልኳት። ልጄ ግራ ገባት። አልፈርድባትም፤ ለፊልትሮ ሠሪ እንዲህ አይለቀስም። ጋሽ ካሳን ለማያውቃቸው ሰው ለማስረዳት ግን ከውሃው መጀመር አለብኝ።

መርሳ የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ከነርስነት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው ሾፌር ምሳውን የሚበላባት፣ የሀብሩ ገበሬ እህልና ጥጥ ጭኖ የሚመጣባት ከተማ ነበረች። የቧንቧ ውሃዋ በበጋ ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ምንጩ ውስጥ ይቀላቀልና ከቧንቧው የሚወርደው ጠላ ይመስላል። ቧንቧ ቤታቸው ድረስ የገባላቸው ጥቂት ሰዎችና እኛ ጤና ጣቢያ ያለን፣ ቧንቧው ከግድግዳው ከሚወጣበት ላይ ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ተገጥሞልን ነበር። ጣሳው ውስጥ ዙሪያዋን ክር የተጠመጠመባት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት አጭር ቱቦ አለች። ውሃው በክሩ መሀል ሲያልፍ ጭቃው ክሩ ላይ ይቀራል። ሰው ሁሉ ፊልትሮ የሚላት እሷን ነው። ጭቃ ስትጠግብ አውጥቶ መጣልና በአዲስ መተካት ነው። አዲስ ግን አልነበረም። ከንጉሡ ዘመን የተረፉት ካለቁ በኋላ የደሴውም የወልድያውም ነጋዴ መልሱ አንድ ነበር፤ የለም።

ጋሽ ካሳ ይህን ቃል አይወዱም። «የለም ማለት አልፈለግነውም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ሥራቸው ሜካኒክነት ነው፤ መንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረቻቸው። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከራሳቸው ላይ ቆብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ስማቸውን የሚሰማ እንግዳ «ካሳ ብሎ ይማም?» ሲላቸው «አባቴ ይሰግድ ነበር፣ እናቴ ትሳለም ነበር፣ እኔ መኪና እፈታለሁ» ይሉታል።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው ተቆጥተው ነው። የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ጭቃ ሲያወርድ አስጠራኋቸው። ጣሳውን ፈትተው አሮጌዋን ፊልትሮ አወጡና አሸተቷት።

«ይችን በሳሙና ያጠባት ማነው?»

ዘበኛው እጁን አወጣ።

«ልብስ መሰለችህ? ፊልትሮ አትታጠብም፣ ትለወጣለች። ስታጥባት ጭቃውን ወደ ውስጥ ነው የምታስገባው።»

«መለወጫ ከየት ይመጣል?» አልኩ እኔ።

«እሱን እኔ እጨነቅበታለሁ። አንቺ እናቶቹን አዋልጂ።»

ቱቦዋን ይዘው ሄዱ። ክሩን ተርትረው ጣሉና በሱቅ ክር ጠምጥመው መለሷት። ያ ክር ውሃ ሲነካው አብጦ ውሃውን ጭራሽ ዘጋው። ደግመው ከገበያ በገዙት ላላ ያለ ፈትል ሠሯት። አሁን ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ ጥጥ እየተንሳፈፈ መጣ። አልሸሸጉም፤ ራሳቸው ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና «ከጭቃ ወደ ጥጥ ተሸጋግረናል፤ ዕድገት ነው» ብለው ሳቁ።

ስለ ፊልትሮ ያለመስማማታችን አንድ ብቻ ነበር። እኔ ጭቃ ቢያስቀር በሽታ አያስቀርም፣ ውሃው መፍላት አለበት እላለሁ። እሳቸው የጠራ ውሃ ካዩ ማፍላቱ ማገዶ መጨረስ ይመስላቸዋል። በኋላ ታርቀናል። ፊልትሮ ከቀየሩ በኋላ ለባለቤቶቹ «እኔ ለዓይን ነው የሠራሁት፤ ለሆዳችሁ ሲስተርን ስሙ፣ አፍሉት» ማለት ጀመሩ።

ሰው አይፈሩም ነበር። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታቸው ውሃው ቀጠነ ብለው ያስጠሯቸዋል። ሊቀመንበሩ ምሳ ላይ ነበሩ። ጋሽ ካሳ ፊልትሮዋን አውጥተው፣ ቡናማ ንፍጥ የመሰለው ነገር እየተንጠባጠበ፣ ገበታው ጎን አስቀመጧት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጓድ ሊቀመንበር ሲጠጡት የከረሙት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ትለወጥ እያልኩ ነበር።»

«በመንግሥት ቤት እንዲህ ይቀለዳል?»

«ጭቃ መንግሥት አያውቅም» አሉ ጋሽ ካሳ። ሊቀመንበሩ ምሳቸውን ትተው ተነሱ፤ ፊልትሮዋ ግን በዚያው ቀን ተለወጠች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ይቀላለዱ ጀመር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ከደጋው የወረደ ሰው መንገዱን ሞላው፤ ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠራ፤ እኛም ሌት ተቀን ሠራን። ከድጃን ያገኘኋት ያን ጊዜ ነው። ሕፃን ልጇ ዘይነባ በተቅማጥ ደክማ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተኝታ ነበር። ባሏ እንድሪስ እህል ይሰጣል ሲባል ወልድያ ሄዶ አልተመለሰም። አንዱ በበሽታ ሞቷል ይላታል፣ ሌላው ለሰፈራ በመኪና ተጭኗል ይላታል። ልጇ ስትተኛ ከጉያዋ እንዝርት አውጥታ ትፈትላለች። ጥጡን ከየት እንደምታገኝ እንጃ፤ ከቆሻሻ መጣያ የኛን የቁስል ጥጥ ትለቅም መስሎኝ አንድ ቀን ልቆጣት ሄጃለሁ። አልነበረም፤ ከገበያ ሜዳ የወዳደቀ ነው።

ጋሽ ካሳ ፊልትሮ ሊያዩ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ክሩን በጣታቸው አሹት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድር ነው፤ ጠበቅ ይላል» አለች ቀና ሳትል።

«ይሄኛውስ?»

«ማግ። እሱ ላላ ይላል።»

ጋሽ ካሳ እንደ ልጅ ደስ ሲላቸው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከውስጥ በድር አጥብቀው፣ ከላይ በማግ አላልተው ቢጠመጥሙስ? ጥጥ ከገበያ ገዝተው አመጡላት፣ እሷ ፈተለች፣ እሳቸው ጠመጠሙ። ትልልቁን ጭቃ የላይኛው ማግ ይዞ ያስቀራል፣ ደቃቁን የውስጡ ድር። በዚያ ክረምት የማዋለጃ ክፍላችን ቧንቧ እንደ በጋ ወረደ። የመርሳ ባለ ቧንቧዎች ሰሙ፣ ሲሪንቃ ያሉ የሠራተኛ ቤቶች ሰሙ፤ ከድጃም በፈትሏ ልጇን ማብላት ቻለች።

አንድ ረፋድ ላይ ካሚዮኖች መጥተው መጠለያው በር ላይ ቆሙ። ለሰፈራ የሚሄዱ ሰዎች ስም ይጠራ ነበር። እኔ መንገድ የማይችሉትን በሽተኞች እንድለይ ታዝዤ እዚያ ነበርኩ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ «ከድጃ ሰይድ፣ ከነልጇ» ብሎ ጠራ። ዘይነባ ገና አልጠነከረችም ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። ከድጃ ልጇን አዝላ ተነሳች። እሺም እምቢም አላለችም። ያን ጊዜ ሰው እንዲህ ነበር፤ ተነስ ሲሉት ይነሳል።

ጋሽ ካሳ ከጋራዡ እየሮጡ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ በእጃቸው ያልተጨረሰ ፊልትሮ ይዘዋል።

«የት ነው የምትወስዷት?»

«አንተ ማነህ?» አለ ካድሬው።

«ባሏ ነኛ! ካሳ እባላለሁ።»

ከድጃ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ባል የላትም ተብሎ ነው የተመዘገበው።»

«ያኔ አልነበራትም። አሁን አላት።»

«አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

«ይማም ነው አባቴ። ወሎ ውስጥ መሆንህን ረሳኸው?»

ካድሬው አጠገቡ ወደቆሙት ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ዞረ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ካሳን አዩ፣ ከድጃን አዩ፣ ፊልትሮዋን አዩ። «አብረው ነው የሚሠሩት። ይሆናል» አሉ። ካድሬው ወደ እኔ ሲዞር ደግሞ እኔ «አዎ፣ ሚስታቸው ናት» አልኩ። ካድሬው ስሟን ሰርዞ ቀጣዩን ጠራ።

ካሚዮኖቹ ከሄዱ በኋላ ከድጃ «አያ ካሳ፣ ነውር አይደለም ወይ ያሉት?» አለቻቸው።

«ነውር ነው» አሉ። «ከዚያኛው ግን ይሻላል። መሄድ ፈልገሽ ነበር እንዴ?»

«ወዴት እንደሆነ ባውቅ እኮ እነግርዎ ነበር።»

ውሸቱ እንዳይታወቅ አንድ ግቢ መኖር ነበረባቸው። ጋሽ ካሳ ቤታቸውን ለከድጃና ለልጇ ለቀው አልጋቸውን ወደ ጋራዡ አዛወሩ። ለቀበሌው በሚስትነት አስመዘገቧት፤ በራሽን የሚሰጣቸው ስኳርም ሳሙናም በሦስት ሰው ሆነ። ከተማው አወራ። ጋራዥ ውስጥ እንደሚተኙ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ዘይነባን ለማየት ስሄድ አልጋቸውን ጎማ መሀል አየው ነበርና። ልጅቷ ዳነች፣ ሮጠች፣ አፏን ስትፈታ ጋሽ ካሳን «አባዬ» አለች። እሳቸው አላረሟትም።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ጋሽ ካሳ በየሳምንቱ ይላጩ ጀመር። ቤቱን ኖራ ቀቡት። ፊልትሮ ሲጠመጥሙ አምባሰል ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው አያምርም፣ ግን አያቆሙም። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ መጥተው ብዙ ካመነቱ በኋላ «ሲስተር፣ አንቺ ሴት ነሽና አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉኝ። የሚጠየቀው ገብቶኛል፤ እስኪናገሩት ግን ጠበቅኋቸው።

ከድጃን ስጠይቃት እየፈተለች ፈገግ አለች። «ከተማው ካጋባን ስንት ጊዜው! አሁን ነው የሚጠይቁኝ?» ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ሼሁን ጠይቄ ነበር። ጠብቂ አሉኝ፤ ጠበቅሁ። አሁን ደግሞ እንድሪስ ሞቷልና እንደፈቀድሽ አሉኝ።» እሺ አለች። ሰርጉ እህል ከገባ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። ጋሽ ካሳ ከሐራ ገበያ በግ ገዝተው ግቢው ውስጥ አሰሩ።

እንድሪስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ወድቆ ሰዎች ደግፈው አስገቡት። ወባ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እግሩ ቆስሏል። መድኃኒት ሰጥቼው ስሙን ስጠይቀው ፈርቶ ዘገየ። ከሰፈራው ጠፍቶ የመጣ ሰው ከተያዘ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ማንም እንደማይሰማ ሲያረጋግጥ ነገረኝና «እዚህ መጠለያ ከድጃ ሰይድ የምትባል ነበረች? ትንሽ ልጅ የያዘች?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። እግሬ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። ጋሽ ካሳ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፊልትሮ እየጠመጠሙ ነበር።

«ጋሽ ካሳ፣ እንድሪስ መጥቷል።»

«የትኛው እንድሪስ?»

«የከድጃ።»

እጃቸው ቆመ። «ታሟል?» አሉ።

«ወባ ነው። ይድናል።»

«ይድናል» አሉ እየደገሙ። ክሩ እንዳይተረተር ጫፉን ቋጠሩት። ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ዘይቱ እስኪለቅ ታጠቡ። «ከድጃ ሰምታለች?»

«መጀመሪያ ወደ እርስዎ ነው የመጣሁት።»

«እንዲህማ አይሆንም። መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት። ነይ።»

ቤቱ በር ላይ ቆመው «ከድጃ፣ እንድሪስ በሕይወት አለ። ጤና ጣቢያ ነው» አሏት። ከድጃ ከተቀመጠችበት ተነስታ ባዶ እግሯን እየሮጠች ወጣች። ጋሽ ካሳ የጎማ ጫማዋን ከደጃፉ አነሱና ዘይነባን በሌላ እጃቸው ይዘው ተከተሏት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከውስጥ ልቅሶዋ ይሰማ ነበር። ልጅቷን ለእኔ ሰጡኝ፣ ጫማውን ደፉ ላይ አስቀመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የገቡት ልቅሶው ሲበርድ ነው።

«እኔ ካሳ እባላለሁ» አሉት እንድሪስን። «ልጅህ ደህና ናት። እዚህ ብትተኛ ሰው ያይሃል። መሄድ ትችላለህ ወይስ ላዝልህ?»

አዝለው ወሰዱት።

ቀጥሎ የመጣው ከዚህም የባሰ ነበር። እንድሪስ ጠፍቶ የመጣ ሰው ስለሆነ ባሏ ነኝ ማለት አይችልም። ከድጃም በቀበሌው ፊት የጋሽ ካሳ ሚስት ናት። ስለዚህ ውሸቱን መቀጠል ግድ ሆነ። ሊቀመንበሩ «ቤትዎ እንግዳ አለ ይባላል» ሲሏቸው «የሚስቴ ወንድም ነው» አሉ። «ከየት መጣ?» ሲሏቸው «ከናፍቆት» አሉና አሳቋቸው።

ባልና ሚስቱ ቤቱ ውስጥ፣ ጋሽ ካሳ ጋራዡ ውስጥ። በጉን ሸጡት። መጠጥ ቤት የተቀመጠው ሁሉ «ሚስቱንም አማቹንም ይቀልባል፣ እሱ ጎማ ላይ ይተኛል» እያለ ይስቅባቸው ነበር። አይመልሱም። ምሳ ሰዓት ይገቡና ከሁለቱ ጋር ይበላሉ፣ ፈትሉን ይቀበላሉ፣ ይወጣሉ። አምባሰሉ ቀረ።

እንድሪስ ደህና ሰው ነበር። ይህን ማለት አለብኝ፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ካሳ አጠገባችን ቆመው ቁስሉን ሳጥብለት «አያ ካሳ፣ ሁሉንም ነግራኛለች። የበጉንም። እኔ ምን ልበል?» አላቸው።

«ምንም አትበል።»

«ባልመጣ ይሻል ነበር ይሆን?»

ጋሽ ካሳ ተቆጡ። «እንዲህ ያለ ነገር ልጅህ ፊት እንዳትናገር! ሰው ከሞት ተመልሶ ይቅርታ ይጠይቃል?» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለኔ ከባድ ነው፤ አልዋሽህም። ያንተ ጥፋት ግን አይደለም» አሉት። እኔ ፋሻውን ጠምጥሜ ጨረስኩ።

የከበዳቸው የልጅቷ ነገር ነበር። ለቀበሌው ሲባል እንድሪስን «አጎቴ» እንድትል ተምራለች። ሰፈራው ረገብ ብሎ፣ የእንድሪስ ዘመዶች ከውርጌሳ በላይ የሚያርሰው መሬት አገኙለትና ሊሄዱ ሲነሱ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ ጋሽ ካሳ ቁጢጥ ብለው አነጋገሯት።

«ዘይኔ፣ አጎቴ የምትይው አባትሽ ነው። እኔ ካሳ ነኝ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ጨዋታ መስሏት። «እሺ ካሳ» አለች። ከድጃ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ የጋሽ ካሳን እጅ ይዛ ሳመች፣ አንዴም ሁለቴም፤ እሳቸው እጃቸውን ሊያስለቅቁ ሲሞክሩ አልለቀቀችም። አውቶቡሱ መጥቶ ይዟቸው ሄደ። እኔ መርሳን እስክለቅ ድረስ ከውርጌሳ በሚመጣ ሰው ሁሉ ፈትል ትልክላቸው ነበር፤ ጋሽ ካሳም ፊልትሮ መሥራታቸውን አላቆሙም።

እነ ከድጃ በሄዱ ማግስት ጋሽ ካሳ ቀበሌ መሄድ ነበረባቸው፣ የሌለ ሰው ስኳር መውሰድ ያስጠይቃልና። «ምስክር ቢፈልጉ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ቢሮው በሰው ተሞልቷል። ሊቀመንበሩ ሲያዩዋቸው ደስ አላቸው።

«ጋሽ ካሳ! ምን ልታዘዝ?»

«ከድጃንና ልጅቷን ከስሜ ላይ ያውጡልኝ።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ተለያየን።»

«እንዴ! ሰላም አልነበራችሁ እንዴ? ሽማግሌ እንኳ ሳይገባ? ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ጋሽ ካሳ ቆባቸውን አወለቁ። መቼም አውልቀውት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። ሌላ ውሸት ሲፈልጉ አየኋቸው። ወይ አላገኙም፣ ወይ ሰለቻቸው።

«ባሏ መጣ» አሉ።

ሊቀመንበሩ አፍጥጠው አዩዋቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ባሏ መጣ! እኚህ ሰው አይቻሉም!» እያሉ ዓይናቸውን ጠራረጉና ስሟን ሰረዙት።

ከቢሮው ወጥተን መንገዱ ላይ ስንደርስም ሳቁ ይሰማን ነበር። ጋሽ ካሳ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ስንት ዓመት ዋሽቼ ሁሉንም አመነኝ» አሉኝ። «ዛሬ እውነቱን ነገርኩት።»